ማንም ያልሞተበት ስም

መስከረም 8

ለምትናፍቂኝ አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እግርሽ ማበጡን ተወልሽ ወይ? እኛ ባለቤቴም፣ አማቴም፣ አዲሷ እንግዳም ደህና ነን፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም። ስልክ ላይ ገና ሳልጀምር «በይ ደህና ሁኚ» ስለምትዪኝ፣ እንደ ድሮው በወረቀት ብይዝሽ ይሻላል ብዬ ነው።

እንግዳዋ ሴት ናት። ነግረውሻል፤ ግን በራሴ እጅ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር። ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ ትተኛለች። በነቃች ቁጥር እኔ እንደ አዲስ እወልዳታለሁ።

የጻፍኩልሽ ለስሟ ነው። ከክሊኒክ የሰጡን ካርድ ላይ እስከ ዛሬ «ሴት ሕፃን» ነው የሚለው። ባለቤቴ ሹፌር አይደል፣ ስም ሲያወጣም ያው ሹፌር ነው፤ ትናንት «ፍጥነት እንበላት» አለኝ። አማቴ ደግሞ የእናታቸውን ስም ካላወጣችሁላት ብለው አኩርፈዋል፤ ሳህን ሲያጥቡ ድምፁ ጎረቤት ይሰማል።

እኔ ግን አልችልም። አንቺ ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው ልጄ የአባቴን ስም ይዞ ሄደ። ሁለተኛዋ የእናቴን ስም ይዛ በአራተኛ ወሯ ተከተለችው። የማውቀውን ስም ሁሉ ባነሳ ባወርድ ከኋላው የሞተ ሰው አለበት። ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ፤ የምፈልገው ማንም ያልሞተበት ስም ነው። ሞት በደጃችን ሲያልፍ ቢሰማው እንኳ የማን እንደሆነ የማያውቀው። ሞኝነት መሆኑን አላጣሁትም፣ ስጽፈውም አፍሬያለሁ።

አንቺ እዚያ ባሕር ማዶ የምትሠሪው ሙዚየም ነው። የምትውዪው ከጥንት ንግሥቶች ጋር ነው። እኛ እኮ እዚህ ነገር ሲጠፋን «አክስቴን ጠይቁ፣ እሷ የማታውቀው የለም» ስንል ነው የምንውለው። እስቲ አንድ ስም ምረጪልኝ። ታሪክ ያለው ይሁን፤ አማቴን በባዶ ስም አልችላቸውም።

የምሰፋበት መጋረጃ ቤት ሥራዬን ጠብቆልኛል፤ ስፌት መኪናዬ ላይ ግን ሌላ ሴት ተቀምጣለች አሉ። ቀናሁ።

የእህትሽ ልጅ


ጥቅምት 3

ለጉንጫሟ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ይድረስ። እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። የእኔን እግር ተዪው፤ የሚድነው ተቀምጬ የምሠራው ሥራ ሳገኝ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ባልዲዬን ይዤ ስም ስመለምል ሰነበትኩ። እኛ የምናጸዳው ሙዚየሙ ዝግ በሚሆንበት ቀን ነው፤ ጎብኚ የለ፣ አስጎብኚ የለ፣ እኔና ድንጋዮቹ ብቻ። አንዷ ንግሥት በጣም ጥጋበኛ ናት፣ አፍንጫዋም ተሰብሯል፤ አለፍኳት። አንዷ ደግሞ ደረቷን ገልጣ ነው የቆመችው፤ አማትሽ ሲሰሙ ይወድቃሉ ብዬ እሷንም አለፍኳት።

መጨረሻው አዳራሽ ውስጥ ግን አንዲት እናት አለች። እግሯ ሥር ያለውን የናስ ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ኒዮቤ ይላል። ትንሿ ልጇ ጉልበቷ ሥር ገብታለች። እናትየዋ በአንድ እጇ ልጅቷን ወደ ራሷ ጠጋ አድርጋ፣ በሌላው ካባዋን ከላይዋ ከልላላታለች። ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ታመሰግናለች። በአዳራሹ ዙሪያ ትልልቆቹ ልጆቿ ይሯሯጣሉ። አንደኛው ጨዋታው ደክሞት መሬት ላይ ተጋድሟል፤ አቧራውን ባራገፍኩለት ቁጥር «ተነስ አንተ ሰነፍ፣ እኔ ነኝ መተኛት ያለብኝ» እለዋለሁ።

ታሪኩን ላጫውትሽ። ኒዮቤ ንግሥት ነበረች። አንድ ቀን ከባድ ማዕበል መጣ። የሌላው ቤት ሁሉ ሲፈርስ እሷ ልጆቿን ከካባዋ ሥር ሰብስባ አንድም ሳይጎድልባት አሳደረቻቸው። ከዚያ ወዲህ እናቶች ሁሉ በስሟ ይማጸናሉ። ይኸው ነው።

ስሙን እዚያ አገር የያዘ አንድም ሰው አታገኚም። ይሄን በዋስትና እሰጥሻለሁ።

ሕፃኗን አንገቷ ሥር፣ ወተት ወተት የሚሸተው ቦታ ላይ ሳሚልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 14

ለስም አውጪዋ አክስቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ ባልዲሽ ይባረክ!

ኒዮቤ! ኒዮቤ! ይሄን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ያስደስታል። አማቴ መጀመሪያ ሲሰሙ «ይሄማ የሳል ሽሮፕ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትወሰደው?» አሉ። ባለቤቴ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ጓዳ ገባ። ኋላ ግን ደብዳቤሽን ቁጭ ብዬ ሳነብላቸው፣ «አንድም ሳይጎድልባት» የምትለዋ ላይ ስደርስ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ በኋላ ስለ ስሙ ክፉ አልተናገሩም።

መዝገብ ቤት ሄደን አስመዝግበናታል። ባለቤቴ አውቶብሱ ላይ፣ ከመስተዋቱ በላይ ስሟን በቀይ አስጽፏል። ተሳፋሪ ምን ማለት ነው ብሎ ሲጠይቀው ታሪኩን ይጀምራል፤ ሲተርክ ማቆሚያ አሳልፎ ወራጅ ይሰድበዋል። ማዕበሉንም እሱ አሳድጎታል፣ አሁን መብረቅ ሁሉ አለበት። እኔም ሥራ ቦታ መጋረጃ ሊያዝ የመጣ ሰው ሁሉ ሳይሰማኝ አይወጣም። ምን ላድርግ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የምኮራበት ነገር አገኘሁ።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ፎቶዋን አንሺልኝ። ከልጅቷ አልጋ በላይ ልሰቅለው ነው። ያቺን ካባ በዓይኔ ላያት እፈልጋለሁ።

የኒዮቤ እናት


ጥር 6

ለእህቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ፎቶው አልሆነም። ማንሳት ክልክል ነው ይላሉ። ለልጅቷ ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬያለሁ፤ ሰፋ ቢል ታድግበታለች።

ለመሆኑ የቤት ስም አላወጣችሁላትም? ኒዮቤ ለሕፃን ትንሽ ይከብዳል፤ ሚሚም ብትሏት፣ ማሚም ብትሏት። ሳስበው ደግሞ የአማትሽ ሐሳብ ክፋት አልነበረውም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቢከበሩ ምናለበት? መዝገብ የሰው ሥራ ነው፣ ይስተካከላል። አውቶብሱ ላይ ያለውንም ጽሑፍ ቢያነሳው ጥሩ ነው፤ የሰው ዓይን ደግ አይደለም።

ለብርዱ ተጠንቀቁ።

አክስትሽ


የካቲት 21

ለአክስቴ፣

እንደምን አለሽ? እኛን ስትጠይቂ፣ ደህና ነን ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም።

የላክሽው ደብዳቤ ያንቺ አልመስልሽ አለኝ። ሁለት ጊዜ አገላብጬ ጽሕፈትሽን አየሁ። አንቺ ነሽ የመረጥሽው፣ አንቺ ነሽ በዋስትና የሰጠሽኝ፤ አሁን ሚሚ በያት ትዪኛለሽ። ምን ተገኘ?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሠፈራችን ያሉ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ለሳሎናቸው መጋረጃ ሊያዙ መጡ። እንደ ልማዴ ጀመርኩላቸው። ስሟን ስነግራቸው የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡት። «ማን አወጣላት?» አሉኝ። «አክስቴ ናት፣ ሙዚየም ነው የምትሠራው።» «ታሪኩንስ ነግራሻለች?» ማዕበሉንና ካባውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ። «ጥሩ ታሪክ ነው» አሉና አሁን የነገርኳቸውን የጨርቅ ዋጋ መልሰው ጠየቁኝ። ሳያዙ ወጡ።

ልጅቷን ትኩሳት ይዟታል። ሐኪሙ ሳንባዋን ነው ብሎ አስተኝቷታል፤ ይሄን የምጽፍልሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ሁለተኛዋንም እንዲሁ ነበር የጀመራት። በስሟ ልጠራት አፌን እከፍትና የመምህሩ ፊት ይመጣብኛል፤ «እሽሩሩ» ብቻ እላታለሁ። የገዛ ልጄን ስም ፈራሁ፤ እንዴት እንደማፍር አትጠይቂኝ።

ስሙ ውስጥ ምንድነው ያለው? በእናቴ ይዤሻለሁ፣ ንገሪኝ።

የእህትሽ ልጅ


መጋቢት 18

አክስቴ፣

አልመለስሽልኝም።

ልጅቷ ተሽሏት ቤት ገብተናል። ትስቃለች፤ ጥርስ ልታወጣ ነው መሰለኝ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች።

መምህሩን ልጠይቅ ሁለቴ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ከባዕድ አፍ አልሰማውም። የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ ካንቺ ነው የምሰማው።


ሚያዝያ 9

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ልጅቷ መዳኗን ሳነብ ማጽጃ ዕቃ የምናስቀምጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። እንደምን ነሽ ብዬ ለመጠየቅ እንኳ አፍ የለኝም። እስከ ዛሬ ስንት ወረቀት ጀምሬ ቀደድኩ።

ፎቶ ክልክል አይደለም። ዋሽቼሻለሁ። ፎቶውን ስትዪኝ የአዳራሹን ዘበኛ አስፈቅጄ ነበር። ደግ ሽማግሌ ነው፣ ጢሙ የእኔን መጥረጊያ ያክላል። «የእህቴ ልጅ በዚህች ስም ልጇን ሰይማለች» አልኩት። ሳቀ፤ የምቀልድ መስሎት። እኔ ሳልስቅ ስቀር እሱም ተወ። ከዚያ እጄን ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝና ታሪኩን ነገረኝ።

ኒዮቤ ብዙ ልጆች ነበሯት። በልጆቿ ኮራች። ሁለት ልጆች ብቻ ካሏት ሴት አምላክ ጋር ራሷን አወዳድራ «እበልጣታለሁ» አለች። የዚያች ሴት አምላክ ሁለት ልጆች ቀስት ይዘው መጡ። ልጆቿን አንድ በአንድ ገደሉባት። እሷ ከሐዘን ብዛት ድንጋይ ሆነች፣ ድንጋይ ሆናም ማልቀሷን አልተወችም ይላሉ። ማዕበል የለም። ማዕበሉን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ታሪክ ያለው ስም ስላልሽኝ፣ ካባውን አይቼ የመሰለኝን ጻፍኩልሽ።

ቀና ያለችው ልታመሰግን አይደለም፤ ቀስቱ ከየት እንደሚመጣ እያየች ነው። ልጆቹ አይጫወቱም፤ የሚሸሹ ናቸው። ያ የተጋደመው ልጅ አልደከመውም። ሞቷል። ያን ሁሉ ዓመት ሬሳ ላይ ቆሜ ተነስ ስለው ነበር የኖርኩት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማንም ያልሞተበት ስም ብለሽ ለመንሽኝ። እኔ ደግሞ ካለው ሁሉ መርጬ ይሄን ሰጠሁሽ።

ስህተቱ ባለማወቅ ነው ብል እውነት ነው። ዝምታዬ ግን ባለማወቅ አይደለም። ልጅቷን አስቤም አይደለም፤ እሱንም ልበል ብዬ ሞክሬ አፍሬ ቀደድኩት። ለራሴ ነው። «እሷ የማታውቀው የለም» የምትሉትን ወድጄው ነበር። እዚህ ባልዲ ያዥዋ ነኝ፤ ከኋላዬ የሚያልፍ ሰው እርጥቡን ወለል እንጂ እኔን አያይም። እናንተ ዘንድ ግን አዋቂ ነበርኩ። ያን እንዳላጣ ብዬ ዝም አልኩሽ፤ ያውም ልጅሽ ሐኪም ቤት ተኝታ እየጠየቅሽኝ።

ስሙን ቀይሪው። አማትሽ ያሉትን አድርጉ። ለሰው ሁሉ አክስቴ አሳስታን ነው በይ፤ እውነት ነውና አልቀየምሽም።

አጥፊዋ አክስትሽ


ግንቦት 27

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን። አንቱ ማለቴን ይታገሱኝ፤ ብዕር ሳነሳ «አንቺ» አልወጣልሽ አለኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። ለማሳያ ከተሰቀሉት መጋረጃዎች ኋላ ገብቼ ቆሜ አነበብኩት። ታሪኩ ያሰብኩትን ያህል አላናደደኝም። እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለምንዎ እርስዎ ማወቅዎ ነው ያቃጠለኝ። ለዚያ ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ በቃን።

በማግስቱ ልጅቷን ታቅፌ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ወረፋው ደርሶኝ «ስም ልቀይር ነው» አልኩት ጸሐፊውን። «ምክንያት?» አለኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ምን ልበለው? ሞትን ላታልል ሰው ያልያዘው ስም ፈልጌ፣ ሞት የሞላበት ስም አመጣሁ ልበለው? ጸሐፊው መናገር እንዳቃተኝ ሲያይ ሊያግዘኝ ብሎ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠጋና ጮክ ብሎ «ኒዮቤ?» አለ።

ልጅቷ ከትከሻዬ ላይ ቀና አለች። ዞር ብላ አየችው። ሳቀችለት። እሱም ሳቀ። «ታውቀዋለች እኮ ስሟን» አለኝ።

ስሟን ሳልቀይር ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። ስሟ ነው። የኔም፣ የእርስዎም፣ የዚያች የድንጋይ ሴትም አይደለም። የሷ ነው። ታሪኩን ዘበኛው እንደነገሩዎት አድርጌ ለባለቤቴና ለአማቴ አነበብኩላቸው። ባለቤቴ የአውቶብሱን ጽሑፍ ይላጠው ይተወው ገና አልወሰነም። አማቴ «እንዴ፣ ልጆቿ ሞተው ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች?» ብለው ተቆጡ። እኔንም ያንገበገበኝ እሱ ነው። የኔዎቹ ሁለቱ ሲሄዱ ሰው ሁሉ ከባድ አነሳች፣ ቀዝቃዛ ጠጣች፣ ብዙ ሳቀች ሲል ነበር። እኔም አመንኳቸው። ጥፋቱ የስም ቢሆን ይሻለኛል ብዬ ነው እርስዎን ስም የለመንኩት። ልጆቼ በስማቸው ምክንያት የሞቱ ይመስል፣ ከዚያ ወዲህ ስማቸውን ጠርቼው አላውቅም። በዚህ አፍራለሁ። እርስዎ ከዋሹኝ ይልቅ በዚህ አፍራለሁ።

ትናንት ልጅቷን እያጠብኩ ስማቸውን በአፌ ጠራሁት፤ መጀመሪያ የሱን፣ ቀጥሎ የሷን። ምንም አልሆነም። ውሃው ውስጥ ስትንቦጫረቅ ቀጠለች።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄን ለመጠየቅ ነው እንጂ ጨርሶ አልጽፍም ነበር። የሁለተኛዋን ፊት አውቀዋለሁ፤ አራት ወር ሙሉ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ግን አላየሁትም። ስወልደው ራሴን ስቼ ነበር፤ ስነቃ ወስደውታል። ነፍሱ እስክትወጣ ያቀፉት እርስዎ ነዎት። ከዚያ አገር ለቀው ሄዱ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ እሱ አንድ መስመር አልጻፉልኝም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። እናት ሆኜ የልጄን ፊት አላውቀውም ማለት እንዴት ያሳፍር መሰለሽ።

ማንን ይመስል ነበር? ዓይኑን ገልጦ ነበር? ደስ ይበላት ብለሽ አታሳምሪልኝ፣ አክስቴ። ያላየሽውን አትጨምሪበት። ያየሽውን ብቻ ጻፊልኝ።

የሦስት ልጆች እናት